ለቅሶ ጀምሮ ሰርግ የሄደው ሰውዬ

ዘርፉ አልቃሽ ነበረች። ይህን ስል ስሟን ማጥፋቴ አይደለም፤ ሙያዋ ነው። ያኔ አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም፤ አልጋ ወራሹም ገና ንጉሠ ነገሥት አልተባሉም። አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያ፣ በጣቢያው ዙሪያ የተበተነ ቆርቆሮና ሣር ቤት፣ የቀረው ግራርና አቧራ ነው። ሰው ከየትም ከየትም ተጠራቅሞባታል፤ ከወሎ የወረደ ነጋዴ፣ ከአርሲ የመጣ ባለከብት፣ ከቡልጋ የተሰደደ፣ ከየመን የተሻገረ። ንብረቱን እንጂ ዘመዱን ይዞ የመጣ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት ይጠፋል። የሟችን ስም ከነአባቱ ጠይቃ፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ በምን ይናደድ እንደነበር ከጎረቤት ቃርማ፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾ የምታወርድለት ዘርፉ ነበረች። ዘርፉ ያላለቀሰችለት ሰው በአዳማ በወጉ ሞተ አይባልም።

ሙያው ደግሞ ደንብ አለው። ለቅሶ የከፈተች አልቃሽ ራሷ ትዘጋዋለች። በቀብሩ ቀን ሙሾ ያወረደች በአርባውም፣ በሙት ዓመቱም ትመጣለች። ጀምሮ መተው ነውር ነው፤ የሟች ቤተሰብ እንባ በሆዱ ይቀራል ይባላል። ዘርፉ ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ እንኳ በበቅሎ ተጭና ወለንጪቲ ድረስ ሄዳ፣ ሙት ዓመት ዘግታ የተመለሰችበት ጊዜ አለ። ይህቺን ደንብ ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ሌላው ደንብ መርዶ ነው። ሩቅ አገር ለሞተ ሰው፣ መርዶው ሳይነገር አይለቀስለትም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘመድ ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፤ እናትየዋን አስቀምጠው፣ ግራ ቀኝ ይዘው፣ ቀስ ብለው ያረዷታል። መርዶ ላልመጣለት ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ በቁሙ መግደል ነው። እንግዲህ ይህቺ የአገሩን ለቅሶ የምታለቅስ ሴት የራሷን ለቅሶ ማልቀስ አትችልም ነበር።

ልጇ ነገሪ ይባላል። አባቱ ጆቴ ሐዲዱ ሲዘረጋ ድንጋይ ከፈለጡት አንዱ ነበር፤ ወባ ወሰደው፤ እሱን በወጉ አልቅሳ በወጉ ዘጋችው። ነገሪ ግን ከጣቢያው አልላቀቅ ያለ ልጅ ነበር። ጢሙ ብቅ ብቅ ሲል በባቡሩ ጅቡቲ ወረደ፤ ከጅቡቲ መርከብ ላይ ወጥቶ ከሰል አቀጣጣይ ሆነ ተባለ። አንድ ጊዜ በሰው እጅ ከኤደን ሻሽ ላከላት። ከዚያ በኋላ ዝም። ዓመት ዓመትን ወለደ፤ ዝም። መርከቡ ሰጥሟል ያለ አለ፤ የለም፣ ማርሴይ ቆሞ አይቼዋለሁ ያለም አለ። ይህን ሁሉ አዳማ እርስ በርሷ ታወራለች እንጂ ለዘርፉ ፊት ለፊት የነገራት አልነበረም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከጅቡቲ የሚወጣው የታችኛው ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ ነጠላዋን ለብሳ ጣቢያ ትወርዳለች። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ትቆማለች። ሰው ያልቃል፤ ትመለሳለች። ሞቷል እንዳትል ሬሳ የለ፣ አለ እንዳትል ወሬ የለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉት ይኸው ነው። ለልጇ የምትለው ሙሾ ግን በሆዷ ነበር። ሳታስበው የመጣላት ግጥም ነው፤ እንጀራ ስትቆርስም ውኃ ስትቀዳም ይመላለስባታል፤ ከአፏ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ ሆድም ከዓመት ዓመት እየፈጀው፣ እሷንም አብሮ ፈጃት።

አሁን ወደ ሳሊህ ልምጣ። ሳሊህ የወሎ ሰው ነው። ጅቡቲ በአንድ የፈረንሳይ መጋዘን ሲሠራ ቋንቋውን ለቃቅሞ፣ ኋላ አንድ ግሪክ ሰልችቶት የጣለውን የሲኒማ መሣሪያ ይዞ አዳማ ወጣ። ከጣቢያው ጀርባ ቆዳ ይከማችበት የነበረ መጋዘን አግኝቶ፣ አቡጀዲ ወጥሮ፣ በካርባይድ መብራት፣ በእጁ እየዘወረ ሥዕል ያንቀሳቅስ ጀመር። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውን ፊልም ለምኖ ያሳድራል፤ ያሳያል፤ ይመልሳል። አዲስ አበቤዎች እንዲህ ያለውን ቤት የሰይጣን ቤት ይሉታል አሉ። አዳማ ግን ሽታው አልለቅ ስላለው ቆዳ ቤት አለችው፤ ሰይጣንም ቢሆን እዚያ ሽታ ውስጥ አያድርም።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። በፈረንጅ አገር ከሥዕሉ ጋር ፒያኖ ይመታል አሉ፤ አዳማ ፒያኖ ከወዴት ታምጣ? መጀመሪያ ሰሞን ሳሊህ መሲንቆ መቺ አስቀምጦ ነበር፤ ሰውየው ሥዕሉን ትቶ ፊት ለተቀመጡት ሹማምንት ውዳሴ ያዥጎደጉድ ጀመር። አንድ ቀን ታዲያ በሥዕሉ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞተ። ዘርፉ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ሳይታወቃት ሙሾ አወረደች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ መጋዘኑ በለቅሶ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ከአቡጀዲው ሥር በርጩማ ተደረገላት። ሳሊህ እየዘወረ የፈረንጁን ጽሑፍ በአማርኛ ይናገራል፤ የባሏ ዘመድ ሽማግሌው ሆራ በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ዘርፉ የሥዕሉን ሰዎች ፊት እያየች ታንጎራጉራለች።

ከፊልም ሠሪዎቹ ሁሉ አንዱ ተለየባቸው። ስሙን ሳሊህ ሞርቫል ብሎ ያነበዋል፤ አዳማ ግን አባ እንባ አለችው። ትንንሽ ነገር ነው የሚሠራው፤ የአንዲት ልብስ አጣቢ ኑሮ፣ የመንገድ መብራት የሚያበራ ሽማግሌ ከነውሻው። ፊት ግን ያውቅበታል። የሌሎቹ ሰው ሲያዝን እጁን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ የአባ እንባ ሰው ሲያዝን ከገበታው ላይ ፍርፋሪ ይለቅማል። ዘርፉ ይህን ባየች ጊዜ ሰውየው ለቅሶ ቤት ያደገ መሆን አለበት አለች። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

ከሥራዎቹ መካከል የዓሣ ሻጯ ታሪክ ነበር። አንዲት መበለት አንድ ልጇ መርከብ ላይ ወጥቶ ይሄድባታል። በየቀኑ ወደብ ትወርዳለች። መርከብ ይመጣል፤ ሰው ይወርዳል፤ ሰው ያልቃል፤ ትመለሳለች። ዘርፉ መጀመሪያ ያየችውን ማመን አቃታት፤ ኋላ ተናደደች፤ ማን ነገረብኝ ብላ ዙሪያዋን ገላመጠች። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ በተጠቀለለ የመርከብ ገመድ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች፤ በቃ። ልጁም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። ዘርፉ ያን ቀን እንዲህ አለች፦

ባሕሩን ጠየቅሁት መርከቡንም ጭምር፤
የወሰደውን ሁሉ አይመልስም ነገር።

የተባለው ለዓሣ ሻጯ ነው። ለማን እንደሆነ ግን መጋዘኑ ሙሉ ያውቃል፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ሳሊህ «አለቀ» ብሎ ቢያነብ ሰው አልነሣም አለ። እንዴት ያልቃል? ለቅሶ ተከፍቶ ሳይዘጋ? ፊልም እንዲህ ነው፣ ሠሪው እዚህ ላይ ይብቃ ብሎ ነው ብሎ ሊያስረዳ ደከመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አዳማ ፈርዳለች። ሰውየው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ ጀምሮ አይተውም፤ አሁን ለቅሶውን ከፍቷል፣ በሌላው ሥራው መርዶውን ይዞ መጥቶ ይዘጋዋል። እንዲህ ካሉት የመጀመሪያዋ ዘርፉ ነበረች። የምትጠብቀው ደግሞ ለዓሣ ሻጯ ብላ ብቻ አልነበረም። የዚያች ሴት መርዶ በአቡጀዲው ላይ በመጣ ቀን፣ ከሥሩ ተቀምጣ፣ ለሴትዮዋ ልጅ በሚል በሆዷ የያዘችውን ታወጣዋለች። ሟርት አይሆንባትም፤ ሥራዋ ነው፤ ማንም ምን አልሽ አይላትም። ይህን ምሥጢር ለአማረች ብቻ ነገረቻት። አማረች ጎረቤቷ ጠጅ ሻጯ ናት፤ ለአማረች መንገር ማለት ለአዳማ መንገር ማለት ነው።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። የአባ እንባ ሥራ አልመጣም። ዘርፉ ባቡር በመጣ ቁጥር አሁን ሁለት ነገር ትጠብቃለች፤ ልጇንና ፊልሙን። ድምፅዋ እየሻከረ ሄደ። ሁለት ለቅሶ በአንድ ሳምንት ከሆነባት ሦስት ቀን ትተኛለች። አንዳንዴ ጣቢያው ስትደርስ ሰው ሁሉ ወርዶ ያልቅና እዚያው መቀመጫው ላይ ትቀራለች፤ ሆራ መጥቶ ያነሣታል።

በነሐሴ ዝናብ ሞጆ አጠገብ ሐዲዱን ጎርፍ ቆረጠው። ከታች የመጣው ባቡር አዳማ ላይ ቆመ። ከውስጡም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የፊልም ሣጥን ተገኘ፤ ሣጥን ብቻ አይደለም፣ የሣጥን ክምር ነው። ሳሊህ የላዩን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። አባ እንባ ነው! ፊልሙን የሚያጅበው አርመን በጭቃው ተሰላችቶ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ አማረች ከብርሌ ብርሌ እያቀበለች ለአንድ ማታ እንዲሰጥ አስማለችው። አርመኑ እንደነገራቸው ይህን ያህል የተደከመበት ፊልም በዓለም የለም። ከተማ ሙሉ ተሠርቶለታል፤ ሠራዊት ሙሉ ልብስ ተሰፍቶለታል። አዳማ ደስ አላት። ለመርዶው ይህን ያህል ከተጨነቀበት እውነትም ባለሙያ ነው ተባለ።

ያን ዕለት ዘርፉ ነጠላዋን አጠበች፤ ከኤደን የተላከላትን ሻሽ ከሣጥኗ አውጥታ አሠረች። አማረች አይታት ዝም አለች፤ አማረች ዝም ማለቷን ልብ በሉ። መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከወለንጪቲ ድረስ ጭቃ እያቦኩ የመጡ ነበሩ። ዘርፉ በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ እንደ ሐዘንተኛ ነው ያሳለፏት።

ሥዕሉ ተጀመረ። መቼም ሐቁን መናገር ነው፤ እንዲያ ያለ ነገር አዳማ አይታ አታውቅም። የጥንት ንጉሥ ቤተ መንግሥት ነው አሉ፤ ዓምዱ ሰማይ ይነካል። ፈረሱ፣ ዝሆኑ፣ ጦረኛው ማለቂያ የለውም። ልብሱስ! የአንዷን ልዕልት ቀሚስ ጅራት የሚሸከሙት ደንገጡሮች ብቻ አንድ ሠፈር ይሞላሉ። ሰው አፉን ከፍቶ አየ። ዘርፉም አየች። ቆይ፣ ይህ መግቢያው ነው፣ ዓሣ ሻጯ አሁን ትመጣለች አለች በልቧ።

ዓሣ ሻጯ አልመጣችም። አንዱ ጥቅል አለቀ፤ ሌላው ገባ። ንጉሥ ዘውድ ጫነ፤ ሌላው ንጉሥ ተቀየመ፤ ግብር ተበላ፤ ልብስ ተቀየረ፤ እንደገና ግብር ተበላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሳሊህ የነገሥታቱን ስም እየጮኸ ጉሮሮው ደረቀ። የማን ልጅ ማንን እንደገደለ ግራ ሲገባው ሆራ ማስተርጎሙን አሳጠረውና «ሞቲ፣ ሞቲ አጄሴ» አለ፤ ንጉሥ ንጉሥን ገደለ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ እሱኑ ብቻ ይደጋግም ጀመር። መጀመሪያ የተደነቀ ሁሉ ያዛጋል። ዘርፉ ፊት ትፈልጋለች፤ የምትገጥምበት አንድ ፊት፤ ፍርፋሪ የሚለቅም እጅ። የለም። ፊቱ ሁሉ ከልብሱ በላይ የተቀመጠ ጌጥ ነው። ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ይህ የአባ እንባ እጅ ነው ወይስ ስሙን የሰረቀ አለ ብላ ሳሊህን ጠየቀችው። የራሱ ነው አላት፤ እሱም ቅር ብሎታል።

መሐል ላይ አንዲት ንግሥት ከመጋረጃ ኋላ ወጣች። በወርቅ ተሸፍናለች፤ ዘውዱ አንገቷን ተጭኗታል። አማረች ቀድማ አወቀቻት። ዓሣ ሻጯ ናት! በዚያ ፊልም ዓሣ ሻጯን ሆና የሠራችው ሴት ራሷ ናት። መጋዘኑ ተነሣ። ልጇ ተገኘ ማለት ነው፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ነግሦ፣ እናቱን ወስዶ ንግሥት አደረጋት ማለት ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሳሊህ መዘወሩን ትቶ፣ የለም፣ ይህቺ ሌላ ናት፣ ይህ የሺህ ዓመት ታሪክ ነው፣ ሴትዮዋ ብቻ ናት አንድ የሆነችው እያለ ቢጮህ ማን ይስማው።

ዘርፉ እልል አላለችም። ግን እውነቱን እንናገር፣ ልቧ ዘሎ ነበር። የዚያች ልጅ ከተገኘ የእኔስ የማይገኘው ስለምን ነው አለ ልቧ። እጇ ወደ ሻሹ ሄደ። ሰው ተስፋ ጥሩ ነው ይላል፤ ተስፋ እንደ ውኃ ሸክም ነው፤ ያወረድሽ ሲመስልሽ ያው ነገም ትሸከሚዋለሽ። ያቺ ደቂቃ ዘርፉን ካለፉት ዓመታት ሁሉ አብልጣ አደከመቻት።

ወዲያው ጦርነት ሆነ፤ የንግሥቲቱ ልጅ ወጣቱ ንጉሥ ወደቀ። መርዶው መጣ! ሰው ሁሉ ፀጥ ብሎ ወደ ዘርፉ ዞረ። በሥዕሉ ላይ መልእክተኛው ላባ የተሰካበት ቆብ አድርጎ በፈረስ ይጋልባል። በቀትር፣ በዚያ ሁሉ ሠራዊት ፊት፣ ደረጃው ላይ ለቆመች እናት ከታች ሆኖ እጁን ዘርግቶ ይጮኽባታል። ያስቀመጣት የለም፤ ግራ ቀኝ የያዛት የለም። እሷም እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ የቀሚሷ ዘርፍ እንዳይበላሽ ቀስ ብላ ዞረች። ከዚያ ሥዕሉ እሷን ትቶ ወደ ሰልፉ ሄደ፤ የወርቅ ቃሬዛ፣ ነጭ ፈረሶች፣ ባንዲራ፣ ባንዲራ፣ ባንዲራ።

ዘርፉ አፏን ከፈተች። ያ ስንት ዘመን በሆዷ የተመላለሰው ግጥም፣ አሁን ውጣ ሲባል የለም። የማሽኑ ኳኳታና ዝናቡ ብቻ ይሰማል። አማረች ክንዷን ነካ አድርጋ ምነው አለቻት።

«ሟች የለም» አለች ዘርፉ። «ለማን ላልቅስ?»

ከበርጩማዋ ተነሥታ ወጣች። ሳሊህ የቀረውን ሳይዘውር መብራቱን አጠፋ፤ የጠየቀውም አልነበረም። ሰው ነጠላውን ተከናንቦ በጭቃው ተበተነ፤ እንደ ተሰረዘ ቀብር ነው የተመለሱት።

ሳሊህ ሮጦ ደረሰባትና ቤቷ ድረስ ሸኛት። እሱም ተቆጥቶ ነበር። ሰውየው ሀብት ሲሰጡት ሰው ጠፋበት፣ ያንን ሁሉ ልብስ ከሚያሰፋ አንዲት ዓሣ ሻጭ ቢያስቀምጥልን ምን ነበረበት እያለ መንገዱን ሙሉ ተማረረ። ዘርፉ የምትቆጣበት ጉልበት አልነበራትም። ለቅሶ ጀምሮ ሰርግ ሄደ፣ ሲያልቅ አያምር ነው አለችው። ቀጥላም ይህን አለች፦

«እኔም የባላባት ቀብር ላይ ፈረስና ጠመንጃ ቆጥሬ አውቃለሁ፣ ሳሊህ። የሚለቀስ ነገር ሲጠፋ ነው ንብረት የሚቆጠረው። ደክሞት ይሆናል።»

በሯ ላይ ሲደርሱ ሳሊህ ደኅና ይደሩ እትዬ ብሏት ተመለሰ።

እሷ ግን አልገባችም። ጎኗ ወዳለው ወደ ሆራ ቤት አለፈች። ሆራ የጆቴ ያጎት ልጅ ነው፤ የነገሪን መርዶ በወጉ የሚያረዳ ቢኖር እሱ ነው። እግሩን ሊታጠብ ገንዳ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ሳትቀመጥ ነገረችው።

«ኦቦ ሆራ፣ ነገ ንጋት ላይ ሰው ይዘው ይምጡና የነገሪን መርዶ ይንገሩኝ።»

ሆራ ወሬ የመጣ መስሎት ደነገጠ። አልመጣም አለችው፤ አይመጣምም። ሽማግሌው ተቆጣ። ሬሳ ባልታየ፣ ምስክር ባልቆመ ሰው ላይ መርዶ ማውራት ሟርት ነው፣ ዋቃ አይወደውም፣ ልጁ ነገ ከባቡር ቢወርድ ምን አፍ ይዘን ልናየው ነው፣ እኔ በሽምግልናዬ የወንድሜን ልጅ አልገድልም አለ። ሌላም ብዙ ተናገረ። ዘርፉ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ከባቡር ቢወርድ እሰየው፤ ተዝካሩን ከራሱ ጋር እንበላዋለን። ግን ደከመኝ፣ ኦቦ ሆራ። ያ ፈረንጅ ይዘጋልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ የእኔን ለቅሶ ፈረንጅ ሊዘጋው ኖሯል? እባክዎ፣ በወጉ ያርዱኝ።»

ሆራ እግሩን ወደ ገንዳው ከተተ። እሺም እንቢም አላለም። እሷም ቤቷ ገባች።

ጎህ ሲቀድ ነቅታ ነበር። ቤቷን ጠርጋለች፤ መደቡን አንጥፋለች፤ ሰው ሲመጣ የሚቀመጥበትን አሰናድታለች። ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። ትቀመጣለች፤ ይነግሯታል፤ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ ግጥሟን ታወጣለች፤ ያልቃል። ዝናቡ አባርቷል። የእግር ኮቴ ሰማች። መርዶ የያዘ ሰው አረማመድ ይታወቃል፤ ሁሉም ቀድሞ እንዳይደርስ እግሩን ይጎትታል። በሩ ተንኳኳ።

ከፈተች። ሆራ ከፊት ቆሟል፤ ሳሊህና አማረች ከኋላው፤ ከእነሱም ኋላ የሠፈሩ ሴቶች ጭጋጉ ውስጥ።

«አካም ቡልቴ፣ ዘርፉ» አለ ሆራ፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው።

ዘርፉ እንዲህ ያለ በር ስንት ጊዜ አይታለች፤ ሁልጊዜ ግን በውጭ በኩል ቆማ ነው። ከውስጥ በኩል ቆማ አታውቅም። የሆራን ፊት አየች። የሳሊህን አየች። አማረች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ምነው?» አለች ዘርፉ። «ምነው በማለዳ? በደኅና ነው? ሰው ታመመ እንዴ?»

ሆራ እንደ ወጉ የምትለውን እያለች መስሎት ነበር። ኋላ ዓይኗን አየው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሸሻል፣ አንዳቸው ደኅና ነው እንዲሏት ይለምናል። ሊመለስ ምንም አልቀረውም። ግን መርዶ ደጃፍ ላይ ደርሶ አይመለስም። ገብቶ መደቡ ላይ አስቀመጣት፤ አማረች በቀኝ፣ ሌላ ሴት በግራ ያዟት።

«ልጃችን ነገሪ» አለ ሆራ። «ነገሪ አርፏል፣ እህቴ።»

የላከቻቸው ራሷ መሆኗን ረሳችው። አማረችና ሴቶቹ አብረዋት ወደ መሬት ሄዱ። ያ የቆየ ግጥም ያን ጊዜም አልመጣም፤ የመጣው ሌላ ነው፤ እሷም ራሷ ገና መስማቷ ነበር፦

ሬሳህን ሳላቅፍ አፈርህን ሳልነካ፤
ስጠብቅህ ኖሬ ሟቿ እኔ ነኝ ለካ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ከጣቢያው ሰው መጣ፣ ከገበያው መጣ፣ ከመስጊዱም መጣ፤ ሳሊህ ከቆዳ ቤት አግዳሚዎቹን አሸክሞ አመጣ።

ረፋዱ ላይ ከታች በኩል ባቡር አፏጨ። ዘርፉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር፤ አልተነሣችም።